«ያበላሸኸውን ክፈል»፦ ከሥራ ከለቀቁ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ

አንድ መካኒክ የአንድ ሚኒባስ ቴስታታ አወረደ እንበል። ጋርኒሲዮኑን ቀየረ፣ መልሶ ገጠመ፣ ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠና መኪናው ለባለቤቱ ተሰጠ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተሻለ ደመወዝ አገኘና ከጋራዡ ለቀቀ። ወር ሳይሞላው የቀድሞ አለቃው ደወሉ፦ «ያ የሠራኸው ሚኒባስ መንገድ ላይ ሞቆ ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ባለመኪናው 60,000 ብር እየጠየቀኝ ነው። ሥራው ያንተ ስለሆነ አንተው ትከፍላለህ። እስክትከፍል ድረስ የወሩን ደመወዝህንም የሥራ ልምድህንም አልሰጥም።»

ይህን ለሰው ስትነግሩ ሁለት ዓይነት መልስ ነው የምትሰሙት። አንዱ «እጁ ያበላሸውን ይክፈል እንጂ፣ ምን ጥያቄ አለው» ይላል። ሌላው «ከለቀቀ በኋላ ምን አገባው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ለምን እንዳልሆኑ መመርመር ደግሞ በጣም የሚያጓጓ ነገር ነው፤ በሥራ ላይ የሚፈጠርን ስህተት ዋጋ ማን ይሸከም በሚለው ጥያቄ የብዙ አገር ዳኞች ተከራክረውበታል፣ እርስ በርሳቸውም ተለያይተውበታል።

መጀመሪያ ቀላሉን እንጨርስ። ሥራ መልቀቅ የነበረን ኃላፊነት አይሰርዝም፣ ያልነበረንም አይፈጥርም። መካኒኩ ጋራዡ ውስጥ እያለ የማይጠየቅበት ነገር ከሆነ፣ በሩን ወጥቶ ስለሄደ ብቻ አይጠየቅበትም። በመልቀቁ የሚለወጠው የሁለቱ አቅም ነው። አለቃው እጅ ላይ ያልተከፈለ ገንዘብ ቀርቷል፤ ሠራተኛው ደግሞ ለአዲሱ ቦታ የሚያቀርበው ወረቀት ይፈልጋል። ሥራ ላይ እያሉ በተግሣጽ ያልፍ የነበረ ጉዳይ በመለያያው ቀን የገንዘብ ጥያቄ ሆኖ ብቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ከባዱ የመጀመሪያው መልስ ነው። ሕጉ ስለ ብልሽቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ ውሉ ይጠይቃል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሥራ ውል አለ የሚባለው አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ሊሠራና ለዚያም ደመወዝ ሊከፈለው ሲስማማ ነው። አለቃው መቼ ተገብቶ መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛው መኪና እንደሚቀድም፣ በምን ዕቃ እንደሚሠራ ይወስናሉ፤ ትርፉም የእሳቸው ነው። ሠራተኛው የሚያቀርበው ጊዜውን፣ ሙያውንና ጥንቃቄውን ነው። ሥራ ተቋራጭ ግን ያለቀለት ውጤት ነው የሚሸጠው። በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ያስረክባል፤ ውጤቱ ሲበላሽም ሰበቡ ብዙ አይሰማለትም።

የልዩነቱን ስፋት ለማየት ሕንፃን ውሰዱ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 3039 የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ሥራው በሚገባ ለመሠራቱና ለጥንካሬው ከርክክቡ ቀን ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ ነው ይላል። ብልሽቱ የመጣው ከመሬቱ ጠባይ ቢሆን እንኳ ይጠየቃል። አሁን በዚያው ሕንፃ ላይ በቀን ሒሳብ ይሠራ የነበረን ግንበኛ አስቡት። በ6ኛው ዓመት ግድግዳው ቢሰነጠቅ ባለቤቱ ተቋራጩን ይከሳል። ተቋራጩ ግን ያንን የ10 ዓመት ዋስትና ከራሱ አውልቆ ግንበኛው ላይ ሊደርበው አይችልም። ዋስትናውን የገባው እሱ ነው፤ ዋጋውንም ሲተምን ይህን አስቦ መተመን ይችል ነበር።

ጋራዥ ውስጥ ድንበሩ የሚደበዝዝበት ቦታ አለ። ብዙ መካኒኮች የሚሠሩት ከእጅ ዋጋ በፐርሰንት እየተካፈሉ ነው። ክርክር ሲነሳ ባለጋራዡ «ተቀጣሪዬ አልነበረም፣ ለራሱ ነው የሚሠራው» ሊሉ ይችላሉ። ያኔ የክፍያው ስም ብቻውን አይበቃም። ማን ያዝዘው ነበር? የማን መሣሪያ ይዞ ነበር? ከሌላ ደንበኛ ሥራ ተቀብሎ መሥራት ይችል ነበር? ሚዛኑን የሚያጋድሉት እነዚህ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ በቅንፍ ያዙልኝ፦ የሥራ መሪ የሚባሉት ከዚህ አዋጅ ውጭ ናቸው፣ የመንግሥት ሠራተኞችም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ስለዚህ የፕሮጀክት ኃላፊ የነበረ መሐንዲስ ከታች የምነግራችሁን ሁሉ ለራሱ ከመውሰዱ በፊት የሥራ መደቡን ይመልከት።

መካኒካችን ተቀጣሪ ነው እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው የጥፋቱ ልክ ነው። አዋጁ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ምክንያቶችን ሲዘረዝር ለእኛ ጉዳይ የሚቀርቡ ሁለት ነገሮችን ለየብቻ አስቀምጧል። አንደኛው፣ ሠራተኛው ችሎታው እያለው ሥራው በጥራትና በመጠን ከተስማሙበት በታች እየሆነ ሲቀጥል ነው። ሁለተኛው፣ ሆን ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት በአሠሪው ንብረት ወይም ከድርጅቱ ሥራ ጋር በቀጥታ በተያያዘ ንብረት ላይ ጉዳት ሲያደርስ ነው። የሁለቱም ውጤት ስንብት ነው፤ በዚህ አንቀጽ ላይ ስለ ዕዳ የተጻፈ ነገር የለም። ተራ ስህተትም በሁለተኛው ውስጥ አልገባም። ደግሞም አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካሳለፈ በዚያ ምክንያት የማሰናበት መብቱ ይቀራል።

ካሳ ሌላ መንገድ ነው። ካሳ የሚጠይቅ አሠሪ ጥፋት እንደነበረ፣ ጉዳት እንደደረሰ፣ ጉዳቱም ከዚያው ጥፋት እንደመጣ ማሳየት አለበት። ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2001 ይናገራል። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ሞተሩን ከፍታችሁ ስታዩት ግን ሌላ ነው።

ቴስታታ በሞተሩ አካል ላይ የሚቀመጥ ከባድ ብረት ነው። በመካከላቸው ቀጭኗ ጋርኒሲዮን ትገባለች፤ ሥራዋ በአንድ በኩል የሚነደውን ጋዝ፣ በሌላ በኩል ውሃውንና ዘይቱን ለያይቶ መያዝ ነው። ቡሎኖቹ ከመሐል ወደ ዳር፣ በቅደም ተከተል፣ በተወሰነ ኃይልና ደረጃ በደረጃ ይጠብቃሉ። ያንን ኃይል የሚለካ ቁልፍ አለ። መኪናው ከዚህ በፊት ሞቆ ከነበረ ቴስታታው ሊጣመም ስለሚችል ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት ይታያል፤ ከተጣመመ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላጋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ውሃው መውጫ ያገኛል፣ ሞተሩም ይሞቃል።

እንግዲህ «ሥራው ያንተ ነው» የሚለውን ንግግር እዚህ ላይ አምጡት። መካኒኩ ቡሎኖቹን በግምት አጠበቀ እንበል። የሚለካው ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ እያለ ማውጣት ሰንፎ ከሆነ ጥፋቱ የእሱ ነው። ጋራዡ ያንን ቁልፍ ገዝቶ የማያውቅ ከሆነስ? ለሥራው የሚያስፈልገውን መሣሪያና ዕቃ የማቅረብ ግዴታን አዋጁ የጣለው በአሠሪው ላይ ነው። ጋርኒሲዮኑን ገዝተው ያመጡት አለቃው ሆነው፣ ርካሹን መርጠው ከሆነስ? መካኒኩ «ቴስታታው ይላግ» ብሎ «ደንበኛው ቸኩሏል፣ እንዲሁ ግጠመው» ተብሎ ከሆነስ? ሹፌሩ የሙቀት ጠቋሚው ቀይ ላይ መድረሱን እያየ ከተማ አቋርጦ ነድቶ ከሆነስ? እያንዳንዱ መልስ ከ60,000 ብሩ ላይ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ብቻውን ባዶ ያደርገዋል። እኔ በእንዲህ ያለ ክርክር ከ«ማን ሠራው?» ይልቅ «ማን ወሰነው?» የሚለውን ጥያቄ የማስቀድመው ለዚህ ነው።

አሁን ይህንን ነገር እስከ ጥግ የገፋ አንድ እውነተኛ ክስ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1949 ከለንደን በስተምሥራቅ ባለችው ሮምፎርድ አባትና ልጅ በአንድ የበረዶና የቀዝቃዛ ማከማቻ ድርጅት አብረው ይሠሩ ነበር። ልጁ የጭነት መኪና ሹፌር፣ አባቱ ረዳቱ ነው። አንድ ቀን ወደ ቄራ ግቢ ተረፈ ምርት ሊጭኑ ገቡ። አባት ወረደ፤ ልጅ መኪናውን ወደ ኋላ ሲመልስ የገዛ አባቱን ገጨው። አባት ድርጅቱን ከሰሰ፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሆኖ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪ ለተጎጂው ይጠየቃልና። ይህ ደንብ በእኛም ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2130 ላይ አለ። አባትየው ለአደጋው በከፊል ራሱም ጥፋተኛ ተብሎ ተቀንሶበት 1,600 ፓውንድ ተፈረደለት፣ የድርጅቱ ኢንሹራንስም ከፈለ።

እዚህ ላይ ያበቃ ይመስላል። የኢንሹራንስ ኩባንያው ግን ድርጅቱን እንኳ ሳያማክር በድርጅቱ ስም ልጁን ከሰሰው፦ በጥንቃቄ ለመሥራት በውልህ ግዴታ ነበረብህ፣ አልተጠነቀቅህም፣ ስለዚህ የከፈልነውን መልስ የሚል ነበር ክሱ። ለአባት የተከፈለውን የጉዳት ካሳ ከልጅ ኪስ ማስመለስ ማለት ነው። ጉዳዩ «ሊስተር ከሮምፎርድ አይስ ኤንድ ኮልድ ስቶሬጅ» ተብሎ ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት እስከነበረው የጌቶች ምክር ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1956 አምስት ዳኞች 3 ለ 2 ተለያይተው ልጁ ይክፈል አሉ። ለብዙኃኑ ነገሩ ግልጽ ነበር፦ የተቀጠረ ሰው በጥንቃቄ ሊሠራ ውል ገብቷል፤ ውሉን ካፈረሰ ይክሳል። የተለዩት ሁለቱ ግን አሠሪው ኢንሹራንስ መግባት ባለበት ሥራ ላይ ሹፌር መሪ ሲጨብጥ ያ ኢንሹራንስ እሱንም ይጠብቀዋል ብሎ ማሰቡ ተገቢ ነው ወደሚለው አደሉ።

ፍርዱ ብዙ ሰው አስደነገጠ። መንግሥት ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ፤ የእንግሊዝ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ሠራተኛው ተመሳጥሮ ወይም ሆን ብሎ ካላጠፋ በቀር በዚህ መብት ላለመጠቀም እርስ በርሳቸው ተስማሙ። አውስትራሊያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣ የኢንሹራንስ ሕጓ ኢንሹራንሱ ከባድ ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ከሌለ በቀር ወደ ሠራተኛው እንዳይዞር ከለከለች። ይህን ታሪክ የምወደው ዳኞቹ ውሉን በቃሉ አንብበው የደረሱበት ቦታ፣ ኑሮውን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ «እዚህስ አይደረስም» ያሉበት ቦታ ስለሆነ ነው።

ጀርመኖች በሌላ መንገድ ሄዱ። የአገሪቱ ከፍተኛው የሥራ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 1994 በሰጠው ውሳኔ ከዚያ በፊት እንደ ሹፌርነት ላሉ አደገኛ ሥራዎች ብቻ ይሠራ የነበረውን ደንብ ለማንኛውም ከሥራ ጋር ለተያያዘ ተግባር አሰፋው። ደንቡ መሰላል ነው። በቀላል ቸልተኝነት ሠራተኛው ምንም አይከፍልም። በመካከለኛው ጉዳቱ ለሁለቱ ይከፋፈላል፤ ሲከፋፈልም የደመወዙ መጠን፣ የሥራው አደገኛነት፣ አሠሪው ኢንሹራንስ መግባት ይችል እንደነበር ይታያል። በከባድ ቸልተኝነት ብዙውን ጊዜ ሙሉውን ይከፍላል፣ ሆን ብሎ ካደረገው ሁልጊዜ። ምክንያቱ ሊጨበጥ የሚችል ነው፦ አንድን ሥራ በዓመት ሺህ ጊዜ የሚሠራ ጠንቃቃ ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፤ ያ ስህተት እንደ ጎማ ማለቅ የድርጅቱ ወጪ አካል ነው፣ ድርጅቱም አስቀድሞ ሊያስብበት ይችላል። በእኛ አዋጅ «ከባድ ቸልተኝነት» የሚለው መለኪያ የተቀመጠው ለስንብት ነው። ለካሳም በግልጽ ቢዘረጋ የስንቱን ጋራዥና የስንቱን ማተሚያ ቤት ጭቅጭቅ ባሳጠረ ነበር የሚል ጽኑ እምነት አለኝ።

ወደ ስልኩ እንመለስ። አለቃው «እስክትከፍል ደመወዝህን አልሰጥም» ብለዋል። ሕጉ በዚህ ላይ ጠበቅ ያለ ነው። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር አሠሪ ከደመወዝ መቀነስ፣ ደመወዝ መያዝ ወይም በዕዳ ማቻቻል አይችልም። በተፈቀደውም ጊዜ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም፤ 9,000 ብር ለሚያገኝ ሰው 3,000 ብር ማለት ነው። ውሉ ሲቋረጥ ደግሞ ደመወዝና ተያያዥ ክፍያዎች በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለባቸው። በሒሳቡ ላይ ክርክር ካለ እንኳ አሠሪው ያልተካደውን መጠን በዚያው ጊዜ ይከፍላል። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

አንድ በር ክፍት አለ፦ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከዘገየ የመክፈያው ጊዜ ይራዘማል። ክሊራንስ የሚባለው ዑደት፣ ከመጋዘን ወደ ሒሳብ ክፍል፣ ከዚያ ወደ አስተዳደር ፊርማ እየለቀሙ መዞር፣ ሕጋዊ መሠረቱ ይኸው ነው። መፍቻውን፣ ቱታውን፣ መታወቂያውን መልሱና ፊርማ ተቀበሉ። ግን «ሥራህ ተበላሽቷል» የሚል ገና ያልተጣራ አቤቱታ ያልተመለሰ መፍቻ አይደለም፤ እኔ ሕጉን እንደማነበው በዚህ በር አይገባም። የሥራ ልምዱም ቢሆን የአለቃው ችሮታ አይደለም። ሠራተኛው የሠራውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው። ሳያስጠነቅቁ ጥሎ መሄድ ግን ለብቻው ይታያል፤ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ የወጣ ሠራተኛ ከ30 ቀን ደመወዝ የማይበልጥ ካሳ ሊጠየቅ ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል በጣም የምፈራው አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። ብዙውን ጊዜ በመጨረሻው ቀን፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሊሄድ ሲል ጠረጴዛ ላይ ትቀርባለች፦ «እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው፣ በጥፋቴ የደረሰውን የ60,000 ብር ጉዳት አምኜ ከደመወዜ እንዲቆረጥ፣ ቀሪውንም በየወሩ ልከፍል ተስማምቻለሁ።» ከግርጌዋ የሦስት ምስክር ቦታ አለ። ይህች ወረቀት እስክትፈረም ድረስ ጥፋቱን፣ መጠኑንና ምክንያቱን የማስረዳት ሸክም የአሠሪው ነበር። ስትፈረም ሦስቱም የታመኑ ይሆናሉ፣ ከደመወዝ ለመቁረጥ የሚያስፈልገው የጽሑፍ ስምምነትም አብሮ ይገኛል። መሳሳታችሁን ቢሰማችሁ እንኳ ስለ ሞተሩ የምታውቁትን በራሳችሁ ቃል ጽፋችሁ ስጡ፤ ማን ምን እንዳዘዘ፣ ዕቃው ከየት እንደመጣ ይግባበት። ስለ ገንዘቡ ለመፈረም ነገ አለ።

ከዚያ የጊዜ ገደቡ፣ በሕግ ቃል ይርጋው፣ አለ። በአዋጁ መሠረት ልዩ ጊዜ ካልተቀመጠ በቀር ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ በ1 ዓመት ይታገዳል። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በ6 ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄም፣ የሠራተኛውም ሆነ የአሠሪው፣ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ከተቋራጩ 10 ዓመት ጋር አነጻጽሩት። ዳኛው ግን ይርጋን በራሱ አያነሳም፤ ተከሳሹ ራሱ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያነት ማንሳት አለበት። ዕዳውን በጽሑፍ ማመን ወይም ከፊሉን መክፈል ደግሞ ቆጠራውን ያቋርጠዋል፤ ለአለቃው የተላከ «ትንሽ በትንሽ እከፍላለሁ» የሚል መልእክትም ማመን ነው ተብሎ ሊቀርብ ይችላል። መጥሪያ ከመጣ ጆሮ ዳባ ልበስ አይባልም፤ ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ሠራተኛው ራሱ ለደመወዙ ከሳሽ ከሆነ የዳኝነት ክፍያ የለበትም፣ የሥራ ክርክር ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ሕጉ ያዝዛል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ወዳጆች አንድ ነገር ልጨምር። የሳዑዲ አረቢያ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 91 ሠራተኛ በጥፋቱ ላበላሸው ዕቃ አሠሪው ከደመወዙ መቁረጥ እንደሚችል ይፈቅዳል፤ ቁራጩ ግን በወር ከ5 ቀን ደመወዝ አይበልጥም። የቤት ሠራተኞችና የቤት ሹፌሮች በዚህ ሕግ አይሸፈኑም፣ ለብቻቸው የወጣ ደንብ ነው የሚገዛቸው። አሜሪካ ውስጥ በምግብ ቤት ለምትሠሩ ደግሞ፣ የፌዴራሉ ሕግ ለተሰበረ ዕቃ ወይም ለጎደለ ገንዘብ የሚቆረጠው ደመወዛችሁን በሰዓት ከ7.25 ዶላር በታች እንዳያወርደው ይከለክላል፤ ብዙ ግዛቶችም ከዚህ የጠበቀ ሕግ አላቸው።

የቀረን ዋሱ ነው። እኛ ዘንድ ገንዘብ ያዥ፣ ንብረት ጠባቂ ወይም ሹፌር ሲቀጠር የሰው ዋስ ይጠራል፤ አጎት ወይም የሰፈር ሰው በወዳጅነት ይፈርማል። ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ክሱ የሚደርሰው ለዋሱም ጭምር ነው፣ ብዙ ቤተሰብም የሚጣላው እዚህ ላይ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 ዋስትና አይገመትም፣ በግልጽ መደረግ አለበት ይላል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጻፈበትም ውሉ አይጸናም። ስለዚህ ዋሱ ከሽማግሌም ከጠበቃም ፊት ከመቅረቡ በፊት የፈረመውን ቅጽ ግልባጭ ይጠይቅ፣ ቁጥር የሚሞላበት ቦታ በእርግጥ ተሞልቶ እንደሆነም ይይ።